ከቃሊቲ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች፦ ለሁለት ጓደኛሞች የአንድ ቀን የእግር ጉዞ መመሪያ

አቃቂ ቃሊቲ መኖር የሚያማርር ነገር አያጣም፤ አቧራው አለ፣ የከባድ መኪናው ወረፋ አለ። አንድ ነገር ግን ተርፎናል፦ ለቢሾፍቱ ሐይቆች ከአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ የቀረብነው እኛ ነን። ከፒያሳ ወይም ከሽሮ ሜዳ የተነሳ ሰው ገና ከተማውን ሳያቋርጥ የቃሊቲ ሰው ዱከምን አልፎ ይሄዳል።

ያም ሆኖ ብዙዎቻችን ቢሾፍቱን የምናውቃት በሠርግ፣ በስብሰባና በሪዞርት ነው። መኪናው በር ላይ ያወርደናል፣ ዓሣ እንበላለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ እንመለሳለን። ይህ መመሪያ ሌላ ነገር ይጠቁማል። ከአንድ ጓደኛ ጋር በሚኒባስ ሄዳችሁ፣ ባቦጋያን፣ ሆራንና ቢሾፍቱ ሐይቅን በእግር ተመልክታችሁ፣ ሳይመሽ ቤታችሁ የምትገቡበት ጉዞ ነው። ልዩ መሣሪያም ሆነ የተራራ ልምድ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ደህና ጫማ፣ በጠዋት መነሳትና የሐይቆቹን ተፈጥሮ ማወቅ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት፦ የምትሄዱበትን ቦታ እወቁ

እነዚህ ሦስት ሐይቆች እንደ ጣና ወይም እንደ ዝዋይ ሜዳ ላይ የተንጣለሉ አይደሉም። እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው። ከምድር ሥር ወደ ላይ የወጣው የቀለጠ ዐለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ፈነዳ። ፍንዳታው መሬቱን በርቅሶ አመዱንና የዐለቱን ስብርባሪ በዙሪያው ከመረው። የጉድጓዱ ወለል ከከርሰ ምድር ውሃ በታች ስለሆነ ቀስ በቀስ ውሃ ሞላው። አካባቢው በእሳተ ገሞራ የተሠራ መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚሰጡት የአቃቂ ጉድጓዶችም ውሃቸውን የሚያገኙት ወንፊት ከመሰለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ነው።

ከዚህ አፈጣጠር ለተጓዥ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ ሐይቁ ዝቅ ብሎ አፋፉ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ መልካሙ እይታ ከላይ እንጂ ከውሃው ዳር አይደለም። መንገዳችሁም በተቻለ መጠን አፋፍ አፋፉን ይሁን።

ሁለተኛ፣ ውሃው ከዳር ጀምሮ በፍጥነት ይጠልቃል። ቢሾፍቱ ሐይቅ በጥልቁ ቦታ 87 ሜትር፣ ባቦጋያ ደግሞ 65 ሜትር ያህል ይወርዳሉ። የሃያ ፎቅ ሕንፃ ቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቁ ቦታ ላይ ቢቆም አናቱ አይታይም።

ሦስተኛ፣ ከሐይቆቹ የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃው በአብዛኛው የሚቀንሰው በትነት ስለሆነ ጨዋማው ነገር እዚያው ይቀራል። የወደቀ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስም እንዲሁ እዚያው ይቀራል።

ከዚህ በታች ካሉት ምክሮች ብዙዎቹ ከእነዚህ ሦስት ነገሮች የሚመነጩ ናቸው።

1. ቀኑን ምረጡ

ለእግር ጉዞ የሚመቸው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መሬቱ ይደርቃል፣ ጠዋቱም ቀዝቀዝ ይላል። መጋቢትና ሚያዝያ ይሞቃሉ፤ ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከአዲስ አበባ ሞቅ ትላለች። በክረምት አለመሄድ ይሻላል። የአድአ አካባቢ ዋልካ አፈር ለጤፍ የታደለ ቢሆንም ለእግረኛ ፈተና ነው፤ ዝናብ ሲነካው ጫማ ላይ እየተደራረበ እግር ያስከብዳል፣ ቁልቁለቱንም ያሟልጫል።

ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ በሆራ ሐይቅ ዳር፣ ሆራ አርሰዲ በሚባለው ስፍራ፣ የኢሬቻ በዓል ይከበራል። በዓሉን ለማክበር ከሆነ የምትሄዱት ሌላ ዝግጅት ይጠይቃል፤ ጸጥ ያለ የእግር ጉዞ ከፈለጋችሁ ግን ያንን ሳምንት ዝለሉት። መንገዱም ሐይቁም በሰው ይሞላሉ። ከተቻለ ደግሞ ከእሑድ ይልቅ ቅዳሜን፣ ከቅዳሜም ይልቅ የሥራ ቀንን ምረጡ። እሑድ ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው መኪና ቱሉ ዲምቱና ቃሊቲ ላይ ሲጨናነቅ የምታውቁት ነው።

2. ከጓደኛችሁ ጋር ተነጋገሩ

አፋፍ ላይ ብቻ መሄድ አይመከርም። አንዱ እግሩ ቢወለም ሌላው ባጃጅ ይጠራል፤ አንዱ ፎቶ ሲያነሳ ሌላው የሚረግጥበትን ያይለታል። የጉዞው ጠብ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ግን ከአደጋ ሳይሆን ከሰዓትና ከገንዘብ ነው። ስለዚህ ቀድማችሁ አራት ነገር ተስማሙ፦

- የት ላይ በስንት ሰዓት እንደምትገናኙና አንዱ ቢዘገይ ሌላው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ፤
- ወጪው የጋራ ይሁን ወይስ የየግል፣ የጋራ ከሆነም ማን እንደሚይዝ፤
- የምትራመዱት በዘገምተኛው ፍጥነት መሆኑን፤
- አንዱ «ይበቃኛል» ሲል ሌላው ሳይከራከር አብሮት እንደሚመለስ።

ቤት ላለ ሰውም የት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሩ። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን ቢሾፍቱ ለሚኖር ዘመድ ወይም ለመስመሩ ሹፌሮች ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ጸጥታ ደውላችሁ ጠይቁ።

3. ጓዛችሁን ቀለል አድርጉ

በነፍስ ወከፍ አንዳንድ ትንሽ የጀርባ ቦርሳ ይበቃል። የሚያዙት እነዚህ ናቸው፦

- በነፍስ ወከፍ ሁለት ሊትር የመጠጥ ውሃ። የሐይቁ ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ለመጠጥ አይሆንም፤ ማፍላትም ጨውን አያጠፋውም።
- ሶሉ የሚቆነጥጥ ስኒከር ወይም ቡትስ። በነጠላ ጫማ ወደ አፋፍ አትሂዱ።
- ሰፊ ባርኔጣ ወይም ሻሽ፣ ለጠዋቱ ብርድ ሹራብ። ነጠላ ብትይዙ ለፀሐይም ለነፋስም ለመቀመጫም ይሆናል።
- ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም በሶ፣ ሁለት ሦስት ብርቱካን ወይም ሙዝ። ምሳ እዚያው ይገኛል፤ ይህ ለመንገድ ነው።
- መታወቂያ። መንገድ ላይ ፍተሻ ሊኖር ይችላል።
- ሙሉ ቻርጅ ያለው ስልክ፣ ቴሌብርና ዝርዝር ብር። ባጃጅና ቡና በዝርዝር ይከፈላል።
- የቁስል ፕላስተርና ፋሻ።
- ቆሻሻችሁን የምትመልሱበት አንድ ትልቅ ፌስታል።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ በሁለታችሁም ስልክ ላይ ይመዝገብ።

4. ከቃሊቲ በጠዋት ተነሱ

12 ሰዓት ተኩል ላይ ቃሊቲ መናኸሪያ ብትደርሱ ቀኑ የእናንተ ነው። ከመሀል ከተማ የሚመጣው ጓደኛ በቀላል ባቡር እስከ ቃሊቲ መምጣት ይችላል። ለቢሾፍቱ ዶልፊን ሚኒባስም ቅጥቅጥም ይገኛል። ሚኒባሱ ይፈጥናል፤ ቅጥቅጡ ዋጋው ቀለል ይላል፣ ግን ሰው ለመጫንና ለማውረድ ደጋግሞ ይቆማል። ከመሳፈራችሁ በፊት ረዳቱን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ታሪፉን፣ እንዲሁም መኪናው በአሮጌው መንገድ ነው ወይስ በፈጣኑ መንገድ የሚሄደው። አሮጌው መንገድ በገላንና በዱከም ያልፋል፤ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ከባድ መኪኖች ስላሉበት ሊዘገይ ይችላል።

ስትሳፈሩ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ከአቃቂ በኋላ በደቡብ በኩል ብቻውን ቆሞ የሚታየው ዝቋላ ነው፤ ቁመቱ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፣ አናቱም ላይ ሐይቅ አለ። በግራ ያለው ሰፊው ተራራ የረር ነው። ሁለቱም የእሳተ ገሞራ ሥራ ናቸው። ቀኑን ሙሉ አቅጣጫ ስትፈልጉ ዝቋላን ፈልጉ፤ ለቢሾፍቱ በደቡብ ምዕራብ በኩል ነው።

5. ከሩቁ ጀምሩ፦ ባቦጋያ

ቢሾፍቱ ወርዳችሁ ሻይ በብስኩት ከጠጣችሁ ወይም ፉል ከበላችሁ በኋላ ወዲያው ባጃጅ ያዙና «ባቦጋያ» በሉ። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተስማሙ፤ ኮንትራት መሆኑንና ለሁለት ሰው መሆኑን በግልጽ ተናገሩ። ወደ ሩቁ ሐይቅ በባጃጅ ሄዶ ወደ ዋናው መንገድ በእግር መመለስ ከተገላቢጦሹ ይሻላል፤ ድካም በበረታ ቁጥር ወደ መኪናው እየቀረባችሁ ትሄዳላችሁ። ከባቦጋያ እስከ ቢሾፍቱ ሐይቅ በቀጥታ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአፋፍ መዞሩና መንገድ መፈለጉ ሲጨመር የእግር ጉዞው ከ10 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል።

የባቦጋያ ዳርቻ ብዙው ክፍል በሎጆችና በመኖሪያ ግቢዎች ታጥሯል። ሁለት አማራጭ አላችሁ። አንዱ ከአጥሮቹ ጀርባ ባለው የአፋፍ መንገድ እየሄዳችሁ ክፍት ቦታ ስታገኙ ቁልቁል መመልከት ነው። ሁለተኛው ከሎጆቹ አንዱ ገብቶ ቡና ማዘዝ ነው፤ ያኔ በር ላይ «የመግቢያ አለው? ከምግብና ከመጠጥ ሂሳብ ላይ ይታሰባል?» ብላችሁ ጠይቁ።

በጠዋት ሐይቁ እንደ መስታወት ይረጋል፤ አፋፉ ነፋሱን ስለሚከልለው ነው። ወፎችን ለማየትም ይህ ሰዓት ከሁሉ ይሻላል። ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ የሚሞቁ ጥቋቁር ዓሣ አዳኞችን፣ ዳክዬዎችንና ከቅርንጫፍ ላይ ተወርውረው ውሃ የሚመቱ ትንንሽ ወፎችን ታያላችሁ። ድምፅ ቀንሱ፤ ስልካችሁን ለሙዚቃ አትክፈቱ።

በኅዳር፣ በታኅሣሥ ወይም በጥር ከሄዳችሁ ዳር ላይ የሞተ ዓሣ ተንሳፍፎ ልታዩ ትችላላችሁ። ጥልቁ ውሃ አብዛኛውን ዓመት ከላይኛው ጋር ስለማይቀላቀል ኦክስጅን ያጣል። በብርዱ ወራት ሌሊት ላይ የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ሲሰምጥ የታችኛው ወደ ላይ ይወጣል፤ ያኔ ዓሣው ይታፈናል። እንዲህ ዓይነቱን ዓሣ አንስታችሁ አትብሉ፣ በርካሽ ቢሸጥላችሁም አትግዙ።

6. ወደ ሆራ ተሻገሩ

ከባቦጋያ ሆራ በእግር ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። መንገዱን ለማረጋገጥ ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁ። «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠት፣ «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን በር ይከፍታል። አቋራጭ ብላችሁ ጤፍ ወይም ሽንብራ አትርገጡ፤ የእርሻ ዳር ዳሩን ሂዱ። ውሻ ቢመጣባችሁ አትሩጡ፤ ቆም ብላችሁ ባለቤቱን ተጣሩ።

ሆራ ከሦስቱ ሰፊው ሲሆን ዳገትና ቁልቁለቱ በዛፍ የተሸፈነ ስለሆነ ለእረፍት የሚመቸው እሱ ነው። ወደ ውሃው የሚያወርደው መዝናኛ በር አለው፤ ጀልባም ይገኛል። ጀልባ ከተሳፈራችሁ የሕይወት ጃኬት ሳትለብሱ አትነሱ፤ ከሌለ ጀልባው ይቅርባችሁ።

ሆራ አርሰዲ ለኦሮሞ ሕዝብ ፈጣሪ የሚመሰገንበት የተከበረ ስፍራ ነው። ዳርቻው ላይ እርጥብ ሣርና አበባ ይዘው የሚጸልዩ ወይም ቅቤ የተቀባ ዛፍ ዙሪያ የተሰበሰቡ ሰዎች ብታገኙ ራቅ ብላችሁ እለፉ። ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። ፎቶን በተመለከተ ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ ቢሾፍቱ የአየር ኃይል መቀመጫ ስለሆነች ካሜራችሁን ወደ ሐይቁና ወደ ተራራው እንጂ ወደ ወታደራዊ ግቢና ጥበቃ አታዙሩ።

7. አወራረዱንና አወጣጡን እወቁ

ከአፋፍ ወደ ውሃ የሚያወርዱ ቀጫጭን የእግር መንገዶች አሉ። ሰውና ከብት የሚመላለስበትን እንጂ ውሃ የቦረቦረውን አትምረጡ። የአፋፉ አፈር የጥንት አመድና ስብርባሪ ድንጋይ ስለሆነ ይሸረሸራል፤ የጸና የሚመስል ጫፍ ሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከጫፉ ቢያንስ ሁለት ሜትር ራቁ፤ ቆማችሁ ፎቶ መነሳት ያለባችሁም ከዚያ ወዲህ ነው።

ስትወርዱ እግራችሁን አግድም አድርጋችሁ፣ ጉልበታችሁን ትንሽ አጥፋችሁ፣ በመካከላችሁ ጥቂት እርምጃ ትታችሁ ሂዱ፤ የፊተኛው ላይ ድንጋይ እንዳይንከባለል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና አትሩጡ። ስትወጡ ደግሞ አጭር አጭር ተራመዱ፤ ማውራት ካቃታችሁ ፍጥነታችሁ በዝቷል ማለት ነው።

ዋና አትዋኙ። ይህ ለጎበዝ ዋናተኛም ይሠራል። ውሃው ከላይ ሞቅ ብሎ ጥቂት ወረድ ሲል ይቀዘቅዛል፤ ዳሩ ወዲያው ስለሚጠልቅም የደከመ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት መሬት አያገኝም። ጓደኛው ሲሰምጥ ለማዳን የዘለለ ዋና የማይችል ሰው ሁለተኛ ሟች ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ ከዳር ሆናችሁ ነጠላ፣ ገመድ ወይም ረጅም እንጨት ወርውሩ፤ ጮኻችሁም ጀልበኞቹን ጥሩ።

8. ምሳ

ከ6 እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ፀሐዩ ስለሚበረታ ምሳችሁን ያኔ አድርጉ። የቢሾፍቱ ምግብ ዓሣ ነው፤ ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ በዳጣ ይቀርባል፣ ዓሣ ጉላሽና ዓሣ ዱለትም አለ። ለሁለት ሰው አንድ ጥብስና አንድ ጉላሽ በእንጀራ ይበቃል። ዓሣው የዕለቱ መሆኑን ጠይቁ፤ ዓይኑ የጠራ፣ ሥጋው ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላ መሆን አለበት። ጓደኛችሁ ጿሚ ከሆነና በጾም ዓሣ የማይበላ ከሆነ በያይነቱ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ቢራ የሚፈልግ ሰው ለማታ ያቆየው፤ ከምሳ በኋላ የቀረው ሐይቅ ከሁሉ ቀጥ ያለው ነው።

9. በቢሾፍቱ ሐይቅ ጨርሱ

ቢሾፍቱ ሐይቅ ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም። ቢሆንም ከተማው ውስጥ ሆኖ ሐይቅ መኖሩን የሚያሳይ ምንም ምልክት የለም፤ ከቤቶቹ ጀርባ ጥቂት እንደተራመዳችሁ መሬቱ ድንገት ይከፈትና ውሃው ከእግራችሁ ሥር ርቆ ይታያል። የፍንዳታ ጉድጓድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከሦስቱ በግልጽ የሚያስረዳው ይህ ነው። ገደሉ ላይ የተደራረበውን የአመድና የድንጋይ መስመር ልብ ብላችሁ እዩት፤ አንዱ መስመር በሌላው ላይ የተቀመጠው ፍንዳታው ተደጋግሞ ስለነበር ነው።

ጉልበት ካላችሁ አፋፉን በከፊል ዙሩ። ካልሆነ ከአፋፉ ላይ ከተሠሩት ሆቴሎች አንዱ በረንዳ ላይ ተቀምጣችሁ ቡና ጠጡ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ሹራባችሁን አውጡ።

10. ሳይመሽ ተመለሱ

10 ሰዓት ላይ ወደ ዋናው መንገድ ውጡ። ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ሚኒባስ አይታጣም፤ ከመሸ በኋላ ግን ታሪፉም ግፊያውም ይጨምራል። ማታ እግራችሁን በሙቅ ውሃና በጨው ዘፍዝፉ፣ ሂሳባችሁን በዚያው ምሽት ተዘጋጉ። የጋራ ወጪ ሲያድር ሰው ያቀያይማል።

ለቀጣዩ ጊዜ

ይህን ጉዞ ከወደዳችሁት ቀጣዩ አረንጓዴ ሐይቅ ሊሆን ይችላል። ከቢሾፍቱ በስተደቡብ ይገኛል፤ ቀለሙን የሚሰጠው ስፓይሩሊና የሚባለው ደቂቅ ዋቅላሚ ነው። ዝቋላ ደግሞ ሌላ ደረጃ ነው። ዳገቱ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፤ አናቱ ላይ ያለው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ስለሆነ ሐይቁም እንደ ቅዱስ ውሃ ይከበራል። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ብዙ ምዕመን ይወጣበታል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የገዳሙ አባቶች ተገድለው ስለነበር ወደዚያ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ከቤተ ክርስቲያኒቱና ከአካባቢው አስተዳደር ሁኔታውን ማጣራት አለበት።

ለዚህኛው ጉዞ ግን ከእናንተ የሚጠበቀው ትንሽ ነው። ጓደኛችሁን ዛሬ ደውላችሁ ቀን ቁረጡ። ስትመለሱ የጠርሙሱን ክዳን፣ የብርቱካኑን ልጣጭ፣ የሶፍቱንም ወረቀት ሳይቀር በያዛችሁት ፌስታል አምጡት። መውጫ የሌለው ሐይቅ የጣሉበትን ሁሉ ያስቀምጣል።